ዩኒክ ኢንዴክስ ሲበላሽ፦ ፖስትግሬስ ላይ ከምልክቱ እስከ ጥገናው

«ስልክ ቁጥሩን ዩኒክ አድርጌዋለሁ፤ ታዲያ አንድ ደንበኛ እንዴት ሁለት ጊዜ ገባ?» አዳማ ውስጥ ለፋርማሲ፣ ለሆቴል፣ ለመጋዘንና ለቁጠባ ማኅበር ሲስተም የሚሠሩ ልጆች ስለ ፖስትግሬስ፣ ማለትም ዳታውን ስለሚያስቀምጠው የዳታቤዝ ሶፍትዌር፣ ይህን ጥያቄ ደጋግመው ይልኩልኛል። ዩኒክ ማለት ያው ዋጋ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ መከልከል ነው። ቀጥሎ የሚመጣውም ያው ነው፤ «በቃ ሪኢንዴክስ ልበለው?» ኢንዴክሱን እንደ አዲስ ልሥራው ማለታቸው ነው።

አዎ፣ ትሉታላችሁ። ግን ወደ መጨረሻው ነው። ከዚያ በፊት ያለውን የዘለለ ሰው፣ ሊመለስ የሚችል ዳታ በገዛ እጁ ያጠፋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ትእዛዞቹን እዚህ የጻፍኳቸው በአነባበባቸው ነው። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል ትጽፋላችሁ። የታች ሰረዝ ያደረግኩበት ቦታ ሁሉ እዚያም የታች ሰረዝ አለ።

ምንድን ነው የሚበላሸው?

ኢንዴክስ ከቴብሉ፣ ማለትም ዳታው ካለበት ሠንጠረዥ፣ ተለይቶ የተቀመጠ፣ በተራ የተደረደረ መፈለጊያ ነው። አዲስ ሮው (የሠንጠረዡ አንድ መስመር) ሲመጣ ዳታቤዙ «ይህ ስልክ አለ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው ቴብሉን ሳይሆን ኢንዴክሱን ነው።

የክሊኒክ ካርድ ክፍልን አስቡ። ካርዶቹ በፊደል ተራ ተደርድረዋል። አንድ ቀን የአደራደሩ ደንብ ተቀየረ፣ የድሮዎቹ ካርዶች ግን ከቦታቸው አልተነሱም። ካርድ አውጪዋ በአዲሱ ደንብ መሠረት ካርዱ ሊኖርበት ወደሚገባው መደርደሪያ ሄዳ ታያለች፤ የለም። ስለዚህ «አዲስ ታካሚ ነህ» ትልና ሁለተኛ ካርድ ታወጣለታለች። ዩኒክ ኢንዴክስ ሲበላሽ የሚሆነው ልክ ይኸው ነው።

ደንቡ እንዴት ይቀየራል? ፖስትግሬስ ጽሑፍን የሚደረድርበትን ሕግ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ጂሊብሲ ከሚባለው ላይብረሪ። ይህ ላይብረሪ በ2018 በወጣው 2.28 ቨርዥኑ የአደራደር ሕጉን በሰፊው ቀይሯል። ኡቡንቱ 18.04 የያዘው የድሮውን ነው፣ 20.04 የያዘው አዲሱን። ዴቢያን 9 የድሮውን፣ ዴቢያን 10 አዲሱን። ስለዚህ ሰርቨሩን አፕግሬድ አድርጎ የዳታ ፎልደሩን እንዳለ ያስቀጠለ ሰው ጽሑፍ የያዙ ኢንዴክሶቹ ሊበላሹበት ይችላሉ። ዶከር ላይ ከዴቢያን ኢሜጅ ወደ አልፓይን ኢሜጅ ቀይሮ ያንኑ ቮልዩም መጠቀምም ያው ጣጣ ነው። ቁጥር ብቻ የያዘ ኢንዴክስ፣ ለምሳሌ ኢንቲጀር የሆነ መለያ፣ በዚህ ምክንያት አይነካም።

ሁለተኛው ምክንያት ሃርድዌር ነው። ፖስትግሬስ መብራት ድንገት ሲጠፋ እንዲተርፍ ሆኖ ነው የተሠራው። ግን ዲስኩ በትክክል ሳይጽፍ «ጽፌያለሁ» ካለ፣ ራሙ ከተበላሸ፣ ወይም አንድ ሰው «ፍጥነት ይጨምራል» ብሎ ኤፍሲንክ የሚባለውን፣ የተጻፈው ዲስኩ ላይ በእርግጥ እንዲደርስ የሚያደርገውን ሴቲንግ ካጠፋው፣ ያ ዋስትና የለም። ሰርቨሩ እየሠራ የዳታ ፎልደሩን ኮፒ ፔስት አድርጎ «ባክአፕ» ያለ ሰውም እዚሁ ችግር ውስጥ ይገባል።

ሦስተኛው የራሱ የፖስትግሬስ ችግር ነው። ከ14.0 እስከ 14.3 ባሉት ቨርዥኖች ሰርቨሩ ሥራ ላይ እያለ በ«ኮንከረንትሊ»፣ ማለትም መጻፍ ሳይቆም፣ የተሠራ ኢንዴክስ ሊበላሽ ይችል ነበር፤ በ14.4 ተስተካክሏል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ካላችሁ ከጥገናው በፊት ወደ ቅርቡ የ14 ቨርዥን አሳድጉ፤ አለበለዚያ የምትሠሩትም ይበላሻል።

የሚያስፈልጋችሁ

- በሱፐርዩዘር መግባት፣ ማለትም «ፖስትግሬስ» የሚባለው ዋና ተጠቃሚ
- ሙሉውን የዳታ ፎልደር የሚይዝ ሌላ ዲስክ፤ እዚያው ዲስክ ላይ ሌላ ፎልደር አይሆንም
- ሰርቨሩ ላይ ቢያንስ የትልቁን ኢንዴክስ ያህል ነፃ ቦታ፣ ትንሽም ትርፍ
- «ኤኤምቼክ» የሚባለው ኤክስቴንሽን፤ ከፖስትግሬስ ተጨማሪ ጥቅሎች ጋር ይመጣል
- የሚሠራ ዩፒኤስ። አዳማ ሙቀቷ የሚታወቅ ነው፣ ባትሪ ደግሞ በሙቀት ቶሎ ይደክማል። ከመጀመራችሁ በፊት ሶኬቱን ነቅላችሁ ስንት ደቂቃ እንደሚይዝ እዩ፤ ይህን ግን ሰርቨሩን ሳይሆን ሌላ ዕቃ ሰክታችሁ።
- ዳታውን የሚያውቅ ሰው፦ ፋርማሲስቷ፣ የሆቴሉ ሪሴፕሽን፣ የማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ። ከሁለት ሮው የትኛው እውነተኛ እንደሆነ ኮምፒዩተሩ አያውቅም።

ጊዜውን ከባለቤቱ ጋር ተነጋገሩ። ለሆቴል ቅዳሜና እሑድ አትንኩት፣ አዳማ ስብሰባና ሠርግ የሚበዛባት ከተማ ናት። ለፋርማሲ ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይሻላል።

ደረጃ 1፦ በእርግጥ ተበላሽቷል?

የሚመጡልኝ ብዙዎቹ ጉዳዮች ብልሽት አይደሉም። ኢንዴክሱ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፣ የገባው ጽሑፍ ነው የተለያየው። ለዓይን አንድ የሚመስሉትን ሁለት ሮዎች ጎን ለጎን አስቀምጡና እነዚህን እዩ።

የእኛ ሞክሼ ፊደላት። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ» ለዳታቤዙ ፍጹም የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። ስም ላይ ዩኒክ ያደረገ ሰው ይህን መጠበቅ አለበት። መፍትሔው ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ቀይሮ በሌላ ኮለም (ዓምድ) ማስቀመጥና ዩኒኩን እዚያ ላይ ማድረግ ነው።

ስልክ ቁጥር። አንዱ በ09 ይጀምራል፣ ሌላው በ+251 9። ሰውየው አንድ ነው፣ ጽሑፉ ሁለት።

የማይታይ ክፍተት። ከኤክሴል የመጣ ዝርዝር ላይ በጣም ያጋጥማል። «ሌንግዝ» የፊደል ብዛት ይነግራችኋል፣ «ኦክቴት_ሌንግዝ» ደግሞ የባይት ብዛት። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ «አለሙ» 3 ፊደልና 9 ባይት መሆን አለበት። 4 እና 10 ካያችሁ አንድ ስፔስ ተደብቋል።

ባዶ ቦታ። ነል የሆነ ዋጋ ዩኒክ ኮለም ላይ የፈለገውን ያህል ጊዜ ሊደገም ይችላል። ደንቡ ነው። ከቨርዥን 15 ጀምሮ ኢንዴክሱን ስትፈጥሩ ይህን መከልከል ይቻላል።

ያላለቀ ኢንዴክስ። በ«ኮንከረንትሊ» ሲሠራ መሃል ላይ የወደቀ ኢንዴክስ ስሙ ይቀራል፣ ሥራው ግን ሙሉ አይደለም። «ፒጂ_ኢንዴክስ» በሚባለው የፖስትግሬስ የራሱ ቴብል ውስጥ «ኢንድኢዝቫሊድ» የሚለውን ኮለም እዩ። ፎልስ ካለ፣ የድሮዎቹን ድግግሞሾች ሳያጠራ የቀረ ኢንዴክስ ነው ያላችሁ።

ከእነዚህ አንዱ ከሆነ እዚህ አቁሙ፤ የቀረው መመሪያ አይመለከታችሁም። ከእነዚህ አንዱም ካልሆነ፣ ባይቱ ሳይቀር አንድ የሆነ ዋጋ ሁለት ጊዜ ካለ፣ ወይም በስልኩ ስትፈልጉት «የለም» ተብሎ ሙሉውን ዝርዝር ስታወጡ ግን ከተገኘ፣ ብልሽት ነው። ባክአፕ ስትመልሱ «ዩኒክ ኢንዴክሱን መፍጠር አልተቻለም፣ ቁልፉ ተደግሟል» የሚል መልእክት መምጣቱም ያው ምልክት ነው።

ደረጃ 2፦ መጻፍ ይቁም

አፕሊኬሽኑን ዝጉ። ካሸር፣ ሪሴፕሽን፣ በየሰዓቱ የሚሮጥ ስክሪፕት ካለ እሱንም። ኢንዴክሱ በታመመበት በእያንዳንዱ ደቂቃ ሌላ ድግግሞሽ ሊገባ ይችላል። የባሰው ደግሞ አዲስ ሽያጭ ከሁለቱ ደንበኞች በአንደኛው ላይ እየተንጠለጠለ ይሄዳል፣ በኋላ መለየቱ ይከብዳል።

ደረጃ 3፦ ሰርቨሩን አቁማችሁ ሙሉውን ኮፒ አድርጉ

ፖስትግሬስን በሥርዓቱ አቁሙ፤ «ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ» ይበቃል። ፕሮሰሱን በግድ አትግደሉ። ከዚያ የዳታ ፎልደሩን ከነሙሉ ይዘቱ ወደ ሌላው ዲስክ ገልብጡ። ቴብልስፔስ (ከዳታ ፎልደሩ ውጭ ያለ የዳታ ማስቀመጫ) በሌላ ቦታ ካላችሁ እሱም ይካተት።

ለምን ዳታውን አንብቦ ወደ ፋይል የሚያወጣው «ፒጂ_ደምፕ» ብቻ አይበቃም? ደምፑ የሚያወጣው ዛሬ የሚነበበውን ነው። የጠፋ የሚመስል ሮው አንዳንዴ ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ችሎታ ያለው ሰው ሊያወጣው ይችላል። ያንን ዕድል የሚጠብቅላችሁ የፋይል ኮፒው ነው። ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ማንኛውም ስሕተት የሚመለሰውም በዚሁ ኮፒ ነው። ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው እባኩን ሌላውንም አይንካ።

ማስጠንቀቂያ፦ እዚህ ሰዓት ላይ ኢንተርኔት ላይ የምታገኟቸው አንድ ትእዛዝና አንድ ሴቲንግ አሉ፤ «ፒጂ_ሪሴትዋል» እና «ዜሮ_ዳሜጅድ_ፔጅስ»። አትንኳቸው። ሁለቱም ሰርቨሩ እንዲነሳ ወይም እንዲያነብ ሲሉ ዳታ የሚጥሉ ናቸው። ለተበላሸ ኢንዴክስ አያስፈልጉም።

ደረጃ 4፦ ዲስኩን መርምሩ

«ስማርትሲቲኤል» የዲስኩን ጤና ያሳያል፣ «ዲሜሴጅ» ደግሞ ከርነሉ ያየውን የማንበብና የመጻፍ ስሕተት። ዲስኩ እየሞተ ከሆነ በእሱ ላይ ጥገና ማካሄድ ትርጉም የለውም፤ ኮፒውን ጤነኛ ማሽን ላይ አውጡና እዚያ ቀጥሉ። ስታወጡት ግን ያው ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ያው የፖስትግሬስ ዋና ቨርዥን ይሁን፣ አለበለዚያ የአደራደሩን ችግር ራሳችሁ ትጨምሩበታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ኢንዴክሱን በኤኤምቼክ ፈትሹ

ፖስትግሬስን አስነሱ፣ አፕሊኬሽኑ ግን እንደተዘጋ ይቆይ። «ክሪኤት ኤክስቴንሽን ኤኤምቼክ» ካላችሁ በኋላ «ቢቲ_ኢንዴክስ_ቼክ» የሚለውን ፈንክሽን በኢንዴክሱ ስም ጥሩት። ሁለተኛውን መለኪያ «ሂፕኦልኢንዴክስድ» ትሩ አድርጉት። ይህን ካላደረጋችሁ የሚያየው የኢንዴክሱን ተራ ብቻ ነው፤ ቴብሉ ላይ ኖሮ ኢንዴክሱ ውስጥ የሌለውን ሮው አይፈልግም። ከቨርዥን 17 ጀምሮ «ቼክዩኒክ» የሚል ተጨምሯል፤ እሱ ድግግሞሹንም ያያል።

ምንም መልእክት ካልመጣ ፍተሻውን አልፏል ማለት ነው። ስለ ተራ መዛባት የሚናገር ስሕተት ከመጣ ወደ አደራደር ሕግ መቀየር ያመለክታል። ባዶ ገጽ አገኘሁ ወይም ብሎክ ማንበብ አልቻልኩም ካለ ወደ ዲስኩ።

ከቨርዥን 14 ጀምሮ «ፒጂ_ኤኤምቼክ» የሚባል ፕሮግራም ሙሉውን ዳታቤዝ በአንዴ ይፈትሻል። እሱን ተጠቀሙ፤ አንድ ኢንዴክስ ከተበላሸ ብቻውን መሆኑ አጠራጣሪ ነው።

ደረጃ 6፦ ድግግሞሾቹን ኢንዴክሱን ሳትነኩ ፈልጉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ድግግሞሽ ለማየት ኪዌሪ ይጽፋል፣ ፖስትግሬስ ደግሞ ለፍጥነት ብሎ ያንኑ የታመመ ኢንዴክስ ይጠቀማል፣ መልሱ «ምንም የለም» ይሆናል። ስለዚህ በመጀመሪያ በዚያው ሴሽን (ከዳታቤዙ ጋር በከፈታችሁት ግንኙነት) ውስጥ ሦስቱን አጥፉ፦

ሴት ኢኔብል_ኢንዴክስስካን = ኦፍ
ሴት ኢኔብል_ኢንዴክስኦንሊስካን = ኦፍ
ሴት ኢኔብል_ቢትማፕስካን = ኦፍ

ከዚያ ኪዌሪው፦

ሴሌክት ስልክ፣ ካውንት(*) ፍሮም ደንበኞች ዌር ስልክ ኢዝ ኖት ነል ግሩፕ ባይ ስልክ ሀቪንግ ካውንት(*) > 1

ፊቱ ላይ «ኤክስፕሌይን» ጨምራችሁ አንዴ አሂዱት። «ሴክ ስካን» የሚል ካያችሁ ቴብሉን በቀጥታ እያነበበ ነው፣ መልሱን ማመን ትችላላችሁ። ዩኒኩ በሁለትና ሦስት ኮለም ላይ ከሆነ ሁሉንም ግሩፕ ባይ ውስጥ አስገቡ። ከፊል ኢንዴክስ (ቅድመ ሁኔታ ያሟሉ ሮዎችን ብቻ የሚይዝ) ከሆነ ያንኑ ቅድመ ሁኔታ ዌር ላይ ድገሙት።

አሁን የተደጋገሙትን ሮዎች ከነመለያቸው፣ ከተመዘገቡበት ቀንና ከ«ሲቲአይዲ» ጋር አውጡ። ሲቲአይዲ ሮው ፋይሉ ውስጥ ያለበት አድራሻ ነው፤ ሌላው ሁሉ አንድ ቢሆን እንኳ እሱ ይለያያል። ውጤቱን በጥንቃቄ አንብቡ።

አንዱ መለያ 412፣ ሌላው 3907 ሆኖ ስልኩ አንድ ከሆነ፣ ደንበኛው ሁለተኛ ጊዜ ተመዝግቧል። የተለመደው ይኸ ነው። መለያውም ስልኩም ሁሉም አንድ ሆኖ ሲቲአይዲው ብቻ ከተለየ ግን ነገሩ ከኢንዴክስ ያልፋል፤ የአንድ ሮው አሮጌና አዲስ ቅጂ አብረው እየታዩ ሊሆን ይችላል፣ ማለትም ቴብሉ ራሱ ተነክቷል። እንዲህ ከሆነ ጥገናውን አቁሙና ከብልሽቱ በፊት ወዳለው ደህና ባክአፕ መመለስን አስቡ።

ደረጃ 7፦ ድግግሞሹን አጥሩ

የተደጋገሙትን ሮዎች መጀመሪያ ወደ አዲስ ቴብል ገልብጡ። «ክሪኤት ቴብል ... አዝ ሴሌክት» ይበቃል። ነገ ባለቤቱ «የዚያ ሰውዬ አድራሻ የት ሄደ?» ሲል መልስ ይኖራችኋል።

ቀጥሎ ዳታውን ከሚያውቀው ሰው ጋር ተቀመጡና የትኛው እንደሚቀር ወስኑ። «አዲሱ ይቅር» ወይም «አሮጌው ይቅር» የሚል ጅምላ ሕግ አታውጡ። ፋርማሲ ላይ አሮጌው ሮው የመድኃኒት አለርጂውን ይዞ አዲሱ ትክክለኛ አድራሻውን ይዞ ይሆናል። ቁጠባ ማኅበር ላይ ደግሞ አባሉ ግማሹን ወር በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው መለያ ከፍሎ ይሆናል። የሰው ገንዘብና ጤና ነው፤ አንድ በአንድ እዩት።

ከዚያ በዚህ ተራ ሥሩ፦ «ቢጊን» በሉ፤ በሌሎች ቴብሎች ላይ 3907ን የሚጠቅሱትን ሽያጮችና ክፍያዎች ወደ 412 አዙሩ፤ የቀረ እንደሌለ ቁጠሩ፤ 3907ን አጥፉ፤ የጠፋው 1 ሮው ብቻ መሆኑን እዩ፤ ልክ ከሆነ «ኮሚት»፣ ካልሆነ «ሮልባክ»። ሦስቱ ሴቲንጎች በዚህ ሴሽንም የጠፉ መሆን አለባቸው፣ አለበለዚያ አፕዴቱም ዴሊቱም ሮው ይስታል።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎሪን ኪ (አንዱን ቴብል ከሌላው የሚያያይዘው) ላይ «ኦን ዴሊት ካስኬድ» ካለ፣ ደንበኛውን ስታጠፉ ሥሩ ያለው ታሪክ ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ከማጥፋታችሁ በፊት የቴብሉን አወቃቀር ከፍታችሁ ይህን አረጋግጡ። በሲቲአይዲ የምታጠፉ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ያኔውኑ አውጡ፤ ሮው አፕዴት ሲደረግ ሲቲአይዲው ስለሚቀየር የትናንቱ ዝርዝር አይሠራም።

ደረጃ 8፦ አሁን ሪኢንዴክስ

አፕሊኬሽኑ ዝግ ስለሆነ ተራው «ሪኢንዴክስ ኢንዴክስ» ይበቃል። ኢንዴክሱን ከቴብሉ አንብቦ እንደ አዲስ ይሠራዋል፤ የድሮውን ኢንዴክስ አይጠይቅም፣ የሚያድናችሁም ይህ ነው። ድግግሞሽ ከቀረ ቁልፉን ጠርቶ ይወድቃል። ያኔ ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።

ምክንያቱ የኦፕሬቲንግ ሲስተም መቀየር ከሆነ አንዱን ብቻ አትጠግኑ። ጽሑፍ የያዘ ኢንዴክስ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው፣ ዩኒክ ያልሆነውም ጭምር። «ሪኢንዴክስ ዳታቤዝ» በሉት። ሥራ ማቆም በፍጹም የማይቻልበት ቦታ ከቨርዥን 12 ጀምሮ «ኮንከረንትሊ» አለ፤ ይዘገያል፣ ቦታም ይወስዳል፣ ከወደቀም ስሙ በ«_ሲሲኒው» የሚያልቅ ያላለቀ ኢንዴክስ ትቶ ይሄዳል። እሱን ማጥፋት አትርሱ።

ደረጃ 9፦ አረጋግጡ

ኤኤምቼክን ደግማችሁ አሂዱ። የደረጃ 6ን ኪዌሪ ድገሙ። ከዚያ «ፒጂ_ደምፕ» አውጡና ባዶ ዳታቤዝ ላይ መልሱት። ይህን የምወደው የማይታለፍ ፈተና ስለሆነ ነው፤ ሲመልስ ዩኒክ ኢንዴክሶቹን ሁሉ ከዜሮ ይሠራል፣ የተረፈ ድግግሞሽ ካለ እዚያው ይጮኻል።

የኮሌሽን (የአደራደር ሕጉ) ቨርዥን ተቀይሯል የሚል ማሳሰቢያ ሲመጣ ከነበረ፣ «አልተር ዳታቤዝ ... ሪፍሬሽ ኮሌሽን ቨርዥን» የሚለውን አሁን ማሄድ ትችላላችሁ፤ ቨርዥን 15 እና ከዚያ በላይ ላይ። አስቀድማችሁ ካሄዳችሁት ግን ማሳሰቢያውን ብቻ ነው ዝም የሚያሰኘው፣ ኢንዴክሱን አይነካም።

ደጋግመው የሚሠሩ ስሕተቶች

- ዩኒኩን ኮንስትሬይንት አጥፍቶ «በኋላ እመልሰዋለሁ» ማለት። በመሃል የሚገባውን የሚከለክል ነገር አይኖርም።
- ሰርቨሩን ሪስታርት አድርጎ መጠበቅ። የተበላሸው ፋይሉ ላይ ስለሆነ ሪስታርት አይጠግነውም።
- «ቫኪዩም» (የሞቱ ሮዎችን የሚያጸዳው ትእዛዝ) ያስተካክለዋል ብሎ ማሰብ። የተዛባ ተራ አያስተካክልም፣ የተደገመ ሮውም አያጠፋም።
- ሬፕሊካውን (ዋናውን እየተከተለ የሚገለብጠውን ሁለተኛ ሰርቨር) እንደ ባክአፕ መቁጠር። ሬፕሊካው ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ከሆነ እዚያ ያለው ኢንዴክስም የተዛባ ሊሆን ይችላል።
- ጠግኖ ምክንያቱን መተው። ኤፍሲንክ ኦን መሆኑን እዩ፣ የደከመውን የዩፒኤስ ባትሪ ቀይሩ፣ ቀጣዩን የኡቡንቱ አፕግሬድ ስትሠሩ በዚያው ማታ ሪኢንዴክስ እንደሚያስፈልግ አሁኑኑ ጻፉት።

አፕሊኬሽኑን ስትከፍቱ መጀመሪያ አንድ ካሸር ብቻ ይግባ፤ ሲደጋገም የነበረውን ስልክ እንደ አዲስ ለመመዝገብ ይሞክር። ሲስተሙ «ይህ ቁጥር አለ» ብሎ ከመለሰው ሌሎቹን አስገቡ።